ትንፋሽ መሃል አይቆረጥም

ጋሽ ሰይድ የሞቱ ለታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ቲቸር ኸዲጃ፣ ሰይድ መቀስ አረፉ" አለኝና ሄደ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹም ያውቋቸው ነበር። እኔ ሰው ሲሞት መልካምነቱን መደርደር አልወድም፤ ከሚሴ ውስጥ ሞቶ ክፉ የነበረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ያን ቀን ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ እሳቸው ብቻ አይደለም። ፋጡማ የምትባለው አንዲት ልጃቸው ከጅዳ ልትገባ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ያቺን ሁለት ቀን፣ ከሷም በፊት የነበረውን ሦስት ወር፣ አባትና ልጅን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ካሁን በኋላ ምንም የምደብቀው የለኝ።

ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ቴፕ፣ ግድግዳ ሙሉ ካሴት። ሥራቸው መንዙማ መቅዳት ነበር። ከጨፋም ከሰንበቴም እየተጠሩ ይሄዳሉ፤ ቀድተው ይመለሳሉ። ሰው በተሰበሰበበት የተቀዳ ነገር መቼም ንጹሕ አይሆንም፤ አንዱ ያስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሌላው "ውሃ አቀብሉኝ" ይላል። እሳቸው የካሴቱን ክር ስበው አውጥተው ሳሉን በመቀስ ቆርጠው ይጥላሉ፤ የቀረውን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ቀለሙ የፋጡማ ነበር፤ ትታው የሄደችው ነው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ከቀይ ተለይቶ አያውቅም። የሰፈሩ ጎረምሶች፣ "ጋሽ ሰይድ፣ ለማን ነው የሚኳኳሉት?" ሲሏቸው፣ "ላክስትህ ነው፣ ሰላም በልልኝ" ይሏቸዋል።

ካሴት ቀርቶ ሁሉም ነገር ፍላሽና ሚሞሪ ሲሆን ኮምፒውተር ገዙ። ሥራውን ለመዱት እንጂ አልወደዱትም፤ የድሮ ካሴት ለሚያመጣላቸው ክሩን መቁረጥ መቀጠላቸውን አልተዉም። "በዚህ የተሳሳተ ሰው አይቀጣም፤ አንዴ ተጭኖ ይመልሰዋል" ይሉ ነበር።

ጆሯቸው ግን ጉድ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ፤ የተቆረጠ ቦታ ላይ ሲደርስ በቀዩ ጥፍራቸው ጠረጴዛውን አንዴ ያንኳኳሉ። ሬዲዮም ሲሰሙ እንደዚያው ናቸው። አንድ ቀን የአንድ ባለሥልጣን ቃለ መጠይቅ እየሰማን አንኳኩ።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"እዚህ ጋ ሰውየው ያለውን አውጥተውበታል።"

"ምን ብሎ ነበር?"

"እሱን ከየት አውቄው? እኔ የሰማሁት መቆረጡን ነው። ትንፋሽ መሃል ነው የቆረጡት፣ ደደቦች። ትንፋሽ መሃል አይቆረጥም። ክሩ ይገጥማል፣ ሰውየው ግን አይገጥምም።"

ሌላም ጊዜ እዚያው ተቀምጬ አንድ የባቲ ነጋዴ መጣ። የሟች አባቱ ምርቃት የተቀዳበትን ካሴት ይዟል። አባትየው ሦስት ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ መርቀዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተጣልቷልና የወንድሙ ስም እንዲወጣለት ፈለገ። ጋሽ ሰይድ ካሴቱን ከፍተው እስከ መጨረሻው አደመጡ፤ በየመሃሉ አሚን አሉ፤ ከዚያ አውጥተው መለሱለት።

"ሳል ካለ አወጣልሃለሁ" አሉት። "የሰው ቃል ግን አልነካም።"

"ጋሼ፣ አንዲት ስም እኮ ናት።"

"አንዲት ናት፤ ስትወጣ ግን ምርቃቱ ሌላ ምርቃት ነው። አባትህ ያላሉትን አሉ ሊባል ነው። ይኼን አላህ ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?"

ነጋዴው ተቆጥቶ በሩን ወርውሮት ሄደ። እኔም፣ "አይ ጋሼ፣ ደረቅ ነዎት እኮ" ብዬ ሳቅኩባቸው። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ስለ ጂን፣ ስለ ዘረ መል ማለቴ ነው፣ የሚያወራው ምዕራፍ በየዓመቱ ነፍሴን ያወጣዋል። አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ሱቃቸው ገብቼ ተማሪዎቼን ማማት ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድ የሰው ሐሜት አይወዱም፤ "ልጆቹን ተያቸውና ያቃታቸውን ንገሪኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሴል ውስጥ ያለው መመሪያ መጀመሪያ ይገለበጣል፤ ቅጂው ላይ የሚያስፈልገውም የማያስፈልገውም ክፍል ተደባልቆ ይወጣል። ከዚያ የማያስፈልገው ተቆርጦ ይጣላል፣ የሚያስፈልገው ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላል፤ ፕሮቲን የሚሠራው በዚህ በተቀጠለው ነው።

"እና ይኼ ነው ያቃታቸው? ይኼማ የኔ ሥራ ነው" አሉ።

በማግስቱ ቴፑን በፌስታል ይዘው ክፍል መጡ። አንዷን ተማሪ "ነገ ፈተና የለም" አስባሏትና ቀዱ፤ መሃል መሃሉ ላይም እንድታስል አደረጉ። ክሩን ስበው ሳሉን ቆረጡ፣ ቀጠሉ፣ አሰሙን። ነገ ፈተና የለም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ መቀሱን እንደገና አነሱና "የለም" የምትለዋን ቆርጠው መሬት ላይ ጣሏት። ነገ ፈተና፣ አለ ቴፑ።

"አያችሁ" አሉ፣ "ልጅቷ የተናገረችው አንድ ነው። ፈተናውን ያመጣው ቆራጩ ነው።"

እኔ በስድስት ክፍለ ጊዜ ያላስረዳሁትን በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ምዕራፉ ሲደርስ እሳቸውን መጥራት ደንብ ሆነ።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ "የወፍ በሽታ ነው" አሉ። እኔ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብዬ ሞገትኩ። "ሐኪም ቤት መርፌ ይወጉታል። የወፍ በሽታ መርፌ ካገኘው ይገድላል፤ ይኼን ሕፃን ያውቀዋል" አሉኝ። ባዮሎጂዬን ዘርግፌ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። ሥር እየተቀጠቀጠላቸው ሲጠጡ ሳምንታት ሄዱ። ጎናቸውን ሲከብዳቸውና እህል ሲያስጠላቸው ነው ደሴ የተወሰዱት።

ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ከግቢው በር ላይ ያዙኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

"ጉበቱን ካንሰር ይዞታል አለኝ ሐኪሙ። ለማዳን ረፍዷል አለኝ። እሱ አልሰማም" አሉ። "አሁን የሐኪሙን ወረቀት ኸዲጃ ታንብብልኝ ብሎ ይጠብቅሻል። ልጄ፣ ያቺን ቃል ዝለያት። በአላህ ይዤሻለሁ።"

እኛ አገር ለታማሚ በሽታውን አይነግሩትም። ዘመድ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ በሽተኛው ግን "ጨጓራ ነው" ይባላል። ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው ይባላል። እኔም አባቴ ሲታመም እንደዚሁ አድርገናል፤ ማንም ክፉ ነገር አደረጋችሁ አላለንም። ስለዚህ እሺ አልኩ። አዛዥ የለብኝም፣ አስገዳጅ የለብኝም፤ እሺ አልኩ።

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ሰይድ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እየተረጎምኩ አነበብኩ።

"ጉበት አብጧል። ሆድ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ። ጉበቱ ላይ..." እዚህ ጋ ትንፋሼን ዋጥኩና ሁለት መስመር ዘለልኩ። "ጨው መቀነስ፣ በቂ እረፍት፣ ከወር በኋላ መመለስ።"

ቀዩ ጥፍራቸው የመደቡን ደፍ አንዴ አንኳኳ።

"ጨረስሽ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ማንኳኳታቸውን በደንብ ሰምቻለሁ። እጃቸው ደክሞ ነው፣ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰው ሲፈልግ ራሱን ማታለል አያቅተውም።

በዚያው ሳምንት ፋጡማ ደወለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች ልጅ ናት። ኮንትራቷ አልቆ ነበርና፣ "አባ፣ ልምጣ ወይስ ላድስ?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ቆይተው እደውልልሻለሁ አሏትና እኔን አስጠሩኝ። እትዬ ዘይነባ ውሃ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ" አሉኝ። "ልጄ ልምጣ ወይስ ላድስ ትለኛለች። ካደሰች ሁለት ዓመት ነው። እኔ ደህና ከሆንኩ ሠርታ ትምጣ፣ የጀመረችው ቤት አለ። ደህና ካልሆንኩ ግን ዓይኗን ልያት። ምን ልበላት?"

እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። እንዳልናገር ጭንቅላታቸውን በቀስታ ነቀነቁብኝ።

"ታድስ እንጂ ጋሼ" አልኩ። "እርስዎ ደህና ነዎት።"

ወደ እኔ ዞሩ። "የዘለልሽው ነገር የለም?"

"የለም።"

"እሺ" አሉ። ስልኩን አንስተው ለልጃቸው "አድሺ" ሲሏት እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ቀለል አድርገው፣ "ቲቸር፣ የረሳሽው ነገር የለም?" ይሉኛል። "የለም ጋሼ" እላለሁ። ሆዳቸው እየተነፋ፣ እግራቸው እየቀጠነ ሄደ። ሱቁ ተዘጋ። እኔም መሄዱን እያሳሳሁት መጣሁ፤ ፈተና አርማለሁ፣ ስብሰባ አለብኝ እላለሁ። የፈራሁት በሽታቸውን አልነበረም፣ ያቺን ጥያቄ ነው።

ያ ምዕራፍ ደረሰ። በዚህ ዓመት ለብቻዬ አስተምረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀኑን ከተማሪ ጠይቀው በባጃጅ መጡ። ሁለት ልጆች ደግፈው አስገቧቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን እኔ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው ቆረጡ። ነገ ፈተና የለም። ነገ ፈተና። ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ግን ፈራ ተባ ያለ ነበር፣ ሰውየው ምን እንደሆኑ ይታያላ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሰውነታችን ውስጥ ቆራጩ ሲሳሳትስ?"

"በሽታ ይመጣል።"

"ምን ዓይነት በሽታ?"

"ለምሳሌ አንዳንድ ካንሰር ላይ ይታያል" አልኩ። "ለምሳሌ የ..." እዚያ ላይ ቆምኩ። ጉበት ልል ነበር። የዚያን ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜ ነበርና ምላሴ ቀደመኝ። "የተለያዩ ካንሰሮች ላይ" አልኩና ደብተራችሁን አውጡ አልኩ።

የጋሽ ሰይድ ጥፍር ዴስኩን አንኳኳ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ እሳቸው አልተነሱም። ከደረት ኪሳቸው ያንን ወረቀት አወጡ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ሦስት ወር ሙሉ ይዘውት ዞረዋል።

"ከቆረጥሽበት ጀምሪ" አሉኝ።

"ጋሼ..."

"ያን ቀን መቆረጡን ሰምቻለሁ። ምን እንደተቆረጠ ግን አልሰማሁም። አንብቢው።"

"ሌላ ሰው ለምን አላስነበቡም?" አልኩ፣ እያለቀስኩ።

"ሌላ ሰው ቢያነበው አንቺ ውሸታም ልትሆኚ ነው። ራስሽ ትጨርሽዋለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።"

አነበብኩ። ጉበቱ ላይ ትልቅ የካንሰር እባጭ አለ። ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፏል፤ ማስታገሻ ብቻ ይሰጥ። ሁለት መስመር ናት፤ በቃ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጣታቸው አልተነቃነቀም።

"እሺ፣ የኔ ጉበት ውስጥ ምን ሆነ?" አሉኝ። "እንደ ተማሪ አስረጂኝ።"

አስረዳኋቸው። ሁሉም ነገር እንደማይታወቅ ነገርኳቸው። የወፍ በሽታ ያልነው ነገር ብዙ ጊዜ ቫይረስ እንደሆነ፣ ጉበት ውስጥ ገብቶ ሳይታወቅ ስንትና ስንት ዘመን ሊቀመጥ እንደሚችል ነገርኳቸው። ጉበት ካንሰር ሲይዘው የሴሉ ቆራጮች ሥራ እንደሚዛባ፣ መቆየት ያለበት ተቆርጦ፣ መጣል ያለበት እንደሚቀጠል፣ እንዲህ ከተቀጠለው ቅጂ የሚሠራው ፕሮቲንም ሌላ እንደሚሆን ነገርኳቸው። አንዱ ሴሉን ያለቅጥ እደግ፣ ተባዛ ይለዋል፤ ይበቃሃል የሚለው ደግሞ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል።

"ዋናው ካሴትስ? እሱ ደህና ነው?"

"ዋናውም ላይ ብዙ ጊዜ ብልሽት ይኖራል፤ ግን እሱ ደህና በሆነበት ቦታ እንኳ አቆራረጡ ብቻ ነገሩን ይለውጠዋል።"

"ያ ረቢ" አሉ። "ይበቃል የምትለዋን ቆርጠው ጣሏታ።" የክፍሉን ወለል አዩ፤ ያቺ "የለም" የምትለው ቁራጭ ክር አሁንም እዚያው ወድቃለች። ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ሞከሩ፤ ሆዳቸው አላስጎነብስ አላቸው። እኔ አንስቼ ሰጠኋቸው።

"ቲቸር" አሉኝ፣ "ልጄ ልምጣ ብላኝ ነበር እኮ።"

ከዚያ አለቀሱ። አንድም ቀን ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አልሰደቡኝም፣ አልረገሙኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዛሬም ይሻለኛል።

እዚያው ክፍል ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላቸው። ፋጡማ ስታነሳ አማርኛውን ትተው በኦሮምኛ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ኮቱ" አሏት። ልጄ፣ ነይ። ሌላ አልጨመሩም። ከወዲያ ያለው ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። "አባ፣ ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው። ያኔ ብትለኝ... አድሺ ስትለኝ እኮ ነው የፈረምኩት" ትላለች። እሳቸው፣ "ኮቱ፣ ኮቱ" ብቻ ይላሉ።

ከአሠሪዎቿ ጋር ለቅሶና ልመና ሳምንታት ፈጀ። በስንት መከራ ለቀቋት፣ ትኬት ተቆረጠ። ጋሽ ሰይድ በየቀኑ ስንት ቀን ቀረ ይላሉ፤ እኔም ተመላልሼ ሳልቀንስ ሳልጨምር እነግራቸዋለሁ። ስምንት። አምስት። ሦስት ባልኳቸው ማግስት ዐረፉ። ጀናዛ አይቆይም፤ የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ።

ፋጡማ ከገባች በኋላ ለመሄድ አንድ ሳምንት ፈራሁ። ስሄድ አባቷ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ተቀምጣለች፤ እናቷ አጠገቧ ናቸው። አላህ ያጽናሽ አልኳት፤ አሚን አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ አየችኝ።

"እማ ጨጓራ ነው አለችኝ" አለች። "ላድስ ወይ ብዬ ስጠይቅ አባ፣ 'ቲቸር ደህና ነህ ብላኛለች፣ አድሺ' አለኝ። ቲቸር፣ ያን ቀን ታውቂ ነበር?"

"ኸዲጃ፣ ተይ እባክሽ፣ አሁን ምን ያደርጋል" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"አውቅ ነበር" አልኩ።

ከግቢው በር ጀምሬ ነገርኳት። የዘለልኳቸውን ሁለት መስመሮች፣ መደቡን ሲያንኳኩ ሰምቼ እንዳልሰማ መሆኔን፣ ታድስ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ መሄዱን ያሳሳሁበትን ምክንያት፣ አባቷ ክፍል ውስጥ ማልቀሳቸውን ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ነው የሰማችኝ። እጇ የመደቡ ደፍ ላይ ነበር፤ ስናገር ጥፍሯን እያየሁ ነበር። አንዴም አላንኳኳችም።

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

ዓይኗን ገለጠች። "አድሺ ሲለኝ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር" አለችኝና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጫማዬን ከበሩ ላይ ፈልጌ አደረግኩና ወጣሁ።